ሦስት ሺህ ዶላር ለመነጽሩ፣ ስንት ለእጁ?

በአዳኞች ዘንድ የማያረጅ አንድ ክርክር አለ። ከጠመንጃው የሚበልጥ ዋጋ ያለው መነጽር ጠመንጃው ላይ ማሰር ያዋጣል ወይስ አያዋጣም?

አሜሪካ ውስጥ አጋዘን ለማደን የሚበቃ ደህና ጠመንጃ ከ500 እስከ 1,000 ዶላር ይገኛል። እዚያው ሱቅ ውስጥ ኦስትሪያ ወይም ጀርመን የተሠራ የማነጣጠሪያ መነጽር፣ ብዙዎች ስኮፕ የሚሉት፣ 3,000 ዶላር ተለጥፎበት ይታያል። ከጎኑ ደግሞ ሲያዩት እሱኑ የሚመስል፣ 200 ዶላር የሚባል ሌላ አለ። ገዢው ሁለቱንም በየተራ አንስቶ በሱቁ መስኮት ወደ ውጭ ያያል። ቀን ነው፣ ፀሐይ አለ፣ ሁለቱም ጥርት አድርገው ያሳዩታል። ታዲያ 2,800 ዶላሩ የምን ነው?

ጉዳዩ የፈረንጅ ሀብታሞች ጨዋታ መስሎ የሚታየው አንባቢ ይኖራል። ግን ኢትዮጵያንም ይነካል። አሥር ሳንቲም ላይ ምስሉ የተቀረጸው የደጋ አጋዘን፣ በተለምዶ ኒያላ የሚባለው፣ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም የለም። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው እንስሳት መዝገብ ውስጥ አስፍሮታል። እንዲያም ሆኖ በባሌና በአርሲ ተራሮች፣ ለአደን በተከለሉ ቦታዎች፣ መንግሥት በሚቆርጠው ኮታ፣ ትልቅ ቀንድ ያለው ወንድ ኒያላ ለውጭ አገር አዳኞች በክፍያ ሲፈቀድ ቆይቷል። ያ የሦስት ሺህ ዶላር መነጽር ወደነዚህ ተራሮች ይመጣል። ተኩሱ ከተሳካ ገንዘብ ይገባል። ከተበላሸ ግን ቆስሎ አስታ ውስጥ የሚገባውና እዚያው የሚሞተው የዚህች አገር እንስሳ ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቋም አጭር ነው። ለአብዛኛው አዳኝ ውዱ መነጽር ዋጋውን አያወጣም። የሚያወጣላቸው ጥቂቶች አሉ፤ እነማን እንደሆኑም መለየት ይቻላል። ለእንስሳው ግን ከመነጽሩ ዋጋ ይልቅ የተኳሹ እጅ ይበልጥበታል። ስለዚህ ኢትዮጵያ ከእንግዳ አዳኝ ልትጠይቅ የሚገባት የእጁን ማስረጃ ነው።

ገንዘቡ የሚገዛው ምንድን ነው?

በተለመደው የአደን መነጽር ላይ 3-9×40 የሚል ጽሑፍ ይነበባል። የሚታየውን ነገር ከ3 እስከ 9 እጥፍ ያቀርባል፣ የፊተኛው ሌንስ ስፋት ደግሞ 40 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። ሰው ሁሉ የሚመለከተው የመጀመሪያውን ቁጥር ነው። የዋጋው ምሥጢር ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው፤ በመስታወቱ ጥራት፣ በላዩ ላይ በተለበጠው ስስ ሽፋንና በሆዱ ውስጥ ባሉት ትንንሽ ብረቶች።

ብርሃን በመስታወት ውስጥ ሲያልፍ ይባክናል። ያልተለበጠ መስታወት በእያንዳንዱ ገጹ ላይ ካረፈው ብርሃን 4 በመቶ ያህሉን ወደ ኋላ ይመልሳል። ስምንት ሌንስ ያለው መነጽር አሥራ ስድስት ገጽ አለውና፣ ሒሳቡ ሲሠራ ዓይን ዘንድ የሚደርሰው ከግማሽ እምብዛም የማይበልጥ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1935 በጀርመኑ ዛይስ ኩባንያ ይሠራ የነበረው፣ በትውልዱ ዩክሬናዊ የሆነው የፊዚክስ ሊቅ አሌክሳንደር ስማኩላ ሌንስን በስስ ሽፋን በመለበጥ ይህን ብክነት የሚቀንስ ዘዴ ፈለሰፈ። ዛሬ ያ ጥበብ እየተሻሻለ መጥቶ 200 ዶላር የሚሸጠው መነጽር ላይ ሳይቀር አለ።

ምርጦቹ መነጽሮች ከተቀበሉት ብርሃን ከ90 በመቶ በላይ ያሳልፋሉ። በመካከለኛ ዋጋ የሚሸጡት ጥሩዎቹ ከዚያ በጥቂት በመቶ ዝቅ ይላሉ። የሰው ዓይን ይህችን ልዩነት በቀን ብርሃን አያያትም። በድንግዝግዝም ቢሆን የሚያያት በጭንቅ ነው። የውዱ መነጽር ብልጫ ይበልጥ የሚታወቀው ሌላ ቦታ ላይ ነው፤ ፀሐይ ፊት ለፊት ስትሆን ምስሉ አይነጣም፣ የቀንድ ጠርዝ ላይ ቀለም አይደማም፣ ጥላ ውስጥ የቆመ ቡናማ እንስሳ ከቡናማው ቁጥቋጦ ተለይቶ ይታያል። ይህ እውነተኛ ብልጫ ነው። ጥያቄው አዳኙ በዚህ ብልጫ የሚጠቀምባቸው ደቂቃዎች ስንት ናቸው የሚለው ነው።

እዚህ ላይ ሻጮች እምብዛም የማይናገሩት ቀላል ሒሳብ አለ። የፊተኛው ሌንስ ስፋት ለማጉያው ሲካፈል ወደ ዓይን የሚገባው የብርሃን ክብ ስፋት ይገኛል። 40 ሚሊ ሜትሩ መነጽር 9 ላይ ሲሆን ክቡ 4.4 ሚሊ ሜትር ነው፤ ወደ 6 ዝቅ ሲል 6.7 ይሆናል። የወጣት ዓይን ብሌን በጨለማ እስከ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ይከፈታል። ስለዚህ ዓይን ለዓይን መያያዝ ሲጀምር ማጉያውን ዝቅ ማድረግ ብቻ ርካሹን መነጽር ብዙ ያደምቀዋል። ለዚህ ደግሞ ሳንቲም አይከፈልም።

ዕድሜ ሲገፋ ብሌን የመክፈት አቅሟ ይቀንሳል። በስልሳዎቹ ዕድሜ ያለ ሰው ብዙውን ጊዜ ከ5 ሚሊ ሜትር አያልፍም። ለመነጽር 3,000 ዶላር የሚያወጣ ገንዘብ ያለው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ይኸው በዕድሜ የገፋው ሰው ነው። በትልቅ ሌንስ ተሰብስቦ ከሚመጣለት ብርሃን ከፊሉ ብሌኑ ዳር ላይ ፈስሶ ይቀራል።

ሰዓቱን የሚወስነው ሕግ ነው

ለድንግዝግዝ የሚከፈል ገንዘብ ትርጉም የሚኖረው በድንግዝግዝ መተኮስ ሲፈቀድ ነው። ብዙ ገዢዎች ይህን አያስቡትም።

የአውሮፓ ምርጥ መነጽሮች የተወለዱት ከአውሮፓ የአደን ልማድ ነው። ጀርመን ውስጥ አዳኝ የዱር አሳማ የሚጠብቀው እንደ እህል ጠባቂ ማማ ላይ ወጥቶ፣ ብዙ ጊዜም በጨረቃ ነው። የአገሪቱ ፌዴራል የአደን ሕግ ትልልቅ ሰኮናማ እንስሳትን በሌሊት መግደል ይከለክላል፤ ሌሊት ብሎ የሚቆጥረው ግን ፀሐይ ከጠለቀች አንድ ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ያለውን ጊዜ ነው። የዱር አሳማ ደግሞ ከክልከላው ውጭ ነው። በዚያ ጨለማ የሚቀመጥ ሰው የሚያሳልፋት እያንዳንዷ የብርሃን ጠብታ ታስፈልገዋለች። 8×56 የሚባለው የጀርመኖች መነጽር 56 ለ8 ሲካፈል ልክ 7 የሚወጣው በአጋጣሚ አይደለም። ለወጣት ብሌን በጨለማ የተሰፋ ልብስ ነው። ለእንዲህ ያለው አዳኝ ውዱ መነጽር ዋጋውን ያወጣል።

በበርካታ የአሜሪካ ግዛቶች ግን የአጋዘን አደን ፀሐይ ከጠለቀች ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይዘጋል። ሰማዩ ንጹሕ ከሆነ በዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ ጥሩ የ600 ዶላር መነጽር ሥራውን ይሠራል። የ3,000 ዶላሩ ብልጫውን ማሳየት ሲጀምር ሕጉ "በቃ፣ ጠመንጃህን አውርድ" ይላል። ገዢው የከፈለው ሕግ ለማይፈቅድለት ሰዓት ነው ማለት ይቻላል።

ወደ ባሌ ሲመጣ ጉዳዩ ይበልጥ ይጠብባል። ባሌ ያለው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። በምድር ወገብ አካባቢ ፀሐይ ቁልቁል ቀጥ ብላ ስለምትገባ ድንግዝግዙ አጭር ነው፤ በሃያ ደቂቃ ገደማ ውስጥ ይመሻል። በጀርመን በጋ ከዚህ እጥፍ የሚሆን ጊዜ ይወስዳል። ቆላም ደጋም የኖረ ኢትዮጵያዊ ይህን ያለ መጽሐፍ ያውቀዋል። ለረጅም ምሽት የተሠራ መነጽር ምሽት በሌለበት አገር ምርቱ ያንሳል።

ከብርሃኑ የሚበልጠው

የውድ መነጽር ሁለተኛው ብልጫ የሚታመን መሆኑ ነው። ይህኛው ከብርሃኑ የበለጠ ክብደት አለው።

በመነጽሩ ሆድ ውስጥ ያለው መስቀለኛ መስመር የሚስተካከለው በትንንሽ ብሎንና በሞላ ነው። ማስተካከያው አንድ ጊዜ "ቀጭ" ባለ ቁጥር በ100 ሜትር ርቀት ላይ የጥይቱን ማረፊያ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ያዛውረዋል። ከባድ ጠመንጃ በተተኮሰ ቁጥር ግን ይህ ሁሉ ስስ ዕቃ በመዶሻ የተመታ ያህል ይናጣል። በርካሽ መነጽር ውስጥ ሞላው ይደክማል፣ መስመሩ ከቦታው ይሸሻል። አዳኙ ትናንት ያስተካከለው ጠመንጃ ዛሬ ሌላ ቦታ ይመታል። ይህን የሚያውቀው ደግሞ እንስሳው ከቆሰለ በኋላ ነው።

ጉምም አለ። በኦሪጎን ግዛት እ.ኤ.አ. በ1907 የተመሠረተው ሊዮፖልድ ኩባንያ የጠመንጃ መነጽር መሥራት የጀመረው ከባለቤቶቹ አንዱ አደን ላይ ሳለ መነጽሩ ውስጡን ጉም ለብሶበት አጋዘን ስላመለጠው ነው ይባላል። በ1940ዎቹ መጨረሻ ወደ ገበያ ያወጣቸው መነጽሮች ውስጣቸው በናይትሮጂን የተሞላ ነበር፤ እርጥበት የሌለው ጋዝ ጉም አይሠራምና። ዛሬ ይህ ዘዴ የተለመደ ሆኗል። ለውጡ ያለው ጋዙን አፍኖ በሚይዘው ማሸጊያ ጥንካሬ ላይ ነው። ጧት ውርጭ፣ ቀትር ላይ ፀሐይ፣ ከሰዓት ዝናብ በሚፈራረቁበት ደጋ ላይ ደካማ ማሸጊያ አይዘልቅም።

"ዋስትና አለው እኮ" የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ እንደ ሊዮፖልድና ቮርቴክስ ያሉ የአሜሪካ ኩባንያዎች የተበላሸ መነጽር ያለ ዕድሜ ገደብ ይጠግናሉ ወይም ይለውጣሉ። ግን ዋስትና የሚመልሰው ዕቃውን ነው። አንድ ጊዜ የተሳተ ጥይት አይመለስም።

እዚህ ላይ ፍርዱ ግልጽ መሆን አለበት። የ200 ዶላሩ መነጽር ለከባድ ጠመንጃና ለሩቅ ጉዞ አይታመንም፤ ቁጠባው የውሸት ነው። ከ500 እስከ 1,000 ዶላር ባለው ውስጥ ግን መምታትን የሚቋቋም፣ ውኃ የማያስገባ፣ ከቦታው የማይሸሽ መነጽር ይገኛል። ከ200 ወደ 700 የሚደረገው ዝላይ ትልቅ ነገር ይገዛል። ከ700 ወደ 3,000 የሚደረገው የሚገዛው ትንሽ ነው። ዋጋው በአራት እጥፍ ሲያድግ ጥቅሙ በአራት እጥፍ አያድግም።

ጠንካራው መከራከሪያ

የውዱ መነጽር ደጋፊዎች አንድ ጠንካራ ነጥብ አላቸው፤ ሊሸሹት አይገባም። እንዲህ ይላሉ፦ "ለአንድ የአፍሪካ አደን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር የሚያወጣ ሰው፣ በዕድሜው አንዴ ብቻ ለሚያገኛት ተኩስ ሁለት ሺህ ዶላር መጨመር ምን ይጎዳዋል? ከጠቅላላ ወጪው ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው።"

በገንዘብ ሒሳብ ልክ ናቸው። ለእንዲህ ያለው ሰው 2,000 ዶላር ብዙ አይደለም። ግን መከራከሪያው አንድ ነገር እንደተረጋገጠ አድርጎ ይወስዳል፤ በዚያች አንዲት ተኩስ የሚጎድለው መነጽር እንደሆነ። በዕድሜ አንዴ የምትመጣ ተኩስ የምትበላሸው ብዙውን ጊዜ በሌላ ምክንያት ነው። መነጽሩን ከጠመንጃው ጋር የሚያያይዘው ብሎን በአውሮፕላን ጉዞ ሲላላ። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ዳገት የወጣ ሰው ትንፋሹ ሳይመለስ ሲተኩስ። ርቀቱን በዓይኑ ሲገምት። ከሸለቆ ወደ ሸለቆ የሚሻገር ነፋስ ሲዘነጋ፤ ከጎን የሚነፍስ መካከለኛ ነፋስ በ300 ሜትር ላይ ጥይትን አንድ ስንዝር ገደማ ሊገፋት ይችላል። የኒያላ ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ ደግሞ ከእንጀራ ምጣድ ሳይሆን ከሳህን ጋር የሚስተካከል ነው። ከነዚህ ሁሉ አንዱንም የመነጽሩ ዋጋ አያስተካክለውም። እንዲያውም ማጉያው ከፍ ባለ ቁጥር የእጅ መንቀጥቀጥም አብሮ ይጎላል።

ሌላም አለ። ውድ መነጽር ሰውን ያደፋፍራል። ትልቅ ማጉያና ባለ ቁጥር ማስተካከያ ያለው መነጽር የያዘ ሰው 600 ሜትር ላይ የቆመ እንስሳ የቀረበ ይመስለዋል። ግን ጥይት ያን ያህል ርቀት ለመጓዝ አንድ ሰከንድ ገደማ ይፈጅባታል። በአንድ ሰከንድ ውስጥ እንስሳ አንድ እርምጃ ይራመዳል። ልብ ላይ የተላከችው ጥይት ሆድ ላይ ታርፋለች። ሆዱን የተመታ እንስሳ ወዲያው አይሞትም፤ ለሰዓታት ይሄዳል፣ ገደል ይገባል፣ ይጠፋል። ቴዎዶር ሩዝቬልት እ.ኤ.አ. በ1887 የመሠረተው ቡን ኤንድ ክሮኬት የተባለው የአሜሪካ አዳኞች ክበብ እንኳ ከልክ ያለፈ የርቀት ተኩስን የሚነቅፈው ለዚህ ነው። እንስሳው አዳኙን አይቶ፣ ሰምቶ ወይም አሽትቶ የማምለጥ ዕድል ከሌለው ነገሩ አደን መሆኑ ቀርቶ ኢላማ ልምምድ ይሆናል።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን

የሳተ ሰው የመጀመሪያ ወቀሳው ዕቃው ላይ ነው። "መነጽሩ ነው" ይላል። ሄዶም የሚበልጥ ዋጋ ያለው ይገዛል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። ዕቃ በገንዘብ ይገዛል፤ እጅ ግን በጊዜና በልምምድ እንጂ አይገኝም፤ ስለዚህ ሰው የሚቀለውን ይመርጣል።

እስቲ ገንዘቡን በሌላ መንገድ እናስላው። በ700 ዶላሩና በ3,000 ዶላሩ መነጽር መካከል ከ2,000 ዶላር በላይ ልዩነት አለ። አሜሪካ ውስጥ አንድ የአደን ጥይት ከ2 እስከ 3 ዶላር ይሸጣል። ልዩነቱ ወደ 800 ጥይት ነው ማለት ነው። በየሳምንቱ አሥራ አምስት ጥይት፣ ዓመቱን በሙሉ። ያውም ተመቻችቶ ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን፣ ተቀምጦ፣ ተንበርክኮ፣ ቦርሳ ላይ ተደግፎ፣ ሮጦ ከመጣ በኋላ። ይህን አድርጎ የመጣ ሰው የ700 ዶላር መነጽር ይዞ፣ ይህን ካላደረገው የ3,000 ዶላር ባለቤት ጋር ቢወዳደር ማን እንደሚያሸንፍ ለመገመት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም።

ከጠመንጃ መነጽር በፊት መገዛት ያለበት ሌላም መነጽር አለ፤ በሁለት ዓይን የሚታይበት፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠለው የእጅ መነጽር። አዳኝ የቀኑን አብዛኛውን ሰዓት የሚያሳልፈው ተራራ በመቃኘት ነው፤ በጠመንጃው መነጽር የሚያየው ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው። ጥሩ መስታወት የሚያስፈልገው ለሰዓታቱ ነው። የእጅ መነጽር የሌለው ሰው ደግሞ በጠመንጃው መነጽር መቃኘቱ አይቀርም። ያ ማለት ጥይት የጎረሰ አፈሙዝ በሚያየው ነገር ሁሉ ላይ ይደግናል ማለት ነው። ባሌና አርሲ ሰው አልባ ምድር አይደሉም። ከቁጥቋጦው ጀርባ የተንቀሳቀሰው ቡናማ ነገር ጋቢ የለበሰ እረኛ ሊሆን ይችላል።

ከመነጽሩ በፊት እጁ ይታይ

ይህ ሁሉ ለገዢው የሚሰጥ ምክር ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ይበቃ ነበር። ግን ተኩሱ የሚተኮሰው በሕዝብ ሀብት ላይ ሲሆን፣ "ምን ልግዛ" የሚለው የግል ጥያቄ "ማን ይተኩስ" ወደሚል የሕዝብ ጥያቄ ይለወጣል።

ኖርዌይ ለዚህ ጥያቄ መልስ አላት። እዚያ ትልልቅ እንስሳት የሚያድን ሰው በየዓመቱ የተኩስ ፈተና ያልፋል። አስቀድሞ ቢያንስ 30 የልምምድ ጥይት ይተኩሳል። ከዚያ በ100 ሜትር ርቀት ላይ ባለ የእንስሳ ምስል ላይ አምስት ጥይት ይተኩሳል፤ አምስቱም 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ውስጥ መግባት አለባቸው። ፈታኙ ስለ መነጽሩ ዋጋ የሚጠይቀው ነገር የለም። የሚቆጥረው ቀዳዳዎቹን ነው።

ኢትዮጵያም ይህን ማድረግ ትችላለች። የሚያስፈልጉት ሦስት ነገሮች ናቸው።

አንደኛ፣ እንግዳው አዳኝ ወደ ተራራው ከመውጣቱ በፊት በራሱ ጠመንጃ ፈተና ይውሰድ። በ200 ሜትር ላይ፣ ጠረጴዛ ሳይሆን መሬት ላይ ተቀምጦ ወይም ተንበርክኮ፣ አምስት ጥይት ከሳህን በማይበልጥ ክብ ውስጥ ያስገባ። ያላስገባ ሰው እስኪያስገባ ይለማመድ። ውጤቱን አብሮት የሚወጣው ተቆጣጣሪ ፈርሞ ይያዘው።

ሁለተኛ፣ የርቀት ጣሪያ ይኑር። ለምሳሌ 300 ሜትር ይባል። ከዚያ በላይ ያለው እንስሳ ይቀረባል ወይም ይተዋል። ውድ መነጽር የያዘውም፣ መካከለኛ የያዘውም በአንድ ሕግ ይዳኛሉ።

ሦስተኛ፣ ደም የፈሰሰበት እንስሳ ባይገኝም እንደተገደለ ይቆጠር፤ ክፍያው ይከፈል፣ ከኮታው ይቀነስ። ይህ በአፍሪካ የአደን ውሎች ዘንድ የተለመደ ነገር ነው። ዋናው ግን ውል ላይ መጻፉ ሳይሆን ተራራው ላይ መተግበሩ ነው። ቆስሎ የጠፋ ኒያላ ካልተቆጠረ በአንድ ፈቃድ ሁለት እንስሳ ይሞታል፤ ወረቀቱ ላይ የሚታየው ግን አንድ ብቻ ነው። የእንዲህ ያለ እንስሳ ኮታ ደግሞ ስህተት የሚሸከም ሰፊ ትከሻ የለውም።

"ይህ አዳኞችን አያሸሽም ወይ? ገቢውስ?" የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ተገቢ ጥያቄ ነው። ከአደን የሚገኘው ገንዘብ ለጥበቃ ሥራና ለአካባቢው ሕዝብ የሚውል ከሆነ ዝም ብሎ የሚጣል አይደለም። ግን ባሕር ተሻግሮ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ከፍሎ የመጣ ሰው በአምስት ጥይት ፈተና ተበሳጭቶ አይመለስም። እንዲያውም ቁምነገረኛ አዳኝ ካምፕ እንደደረሰ ጠመንጃው በጉዞ እንዳልተዛባ ኢላማ ላይ ተኩሶ ማረጋገጡ የተለመደ ነው። የተባለው ፈተና እዚያው ልማድ ላይ ቁጥርና ፊርማ መጨመር ነው። በፈተናው የሚሸሽ ሰው ካለ ደግሞ ቀድሞውንም ኒያላ ላይ መተኮስ የሌለበት ሰው ነው።

ሌላ ወገን ደግሞ "አደኑ ራሱ ለምን አይቀርም?" ይላል። ያም ራሱን የቻለ ትልቅ ክርክር ነው፤ በአንድ ጽሑፍ አያልቅም። ግን አደን እስከተፈቀደ ድረስ እንስሳው በአንድ ጥይት፣ ሳይሰቃይ መሞቱ ሁለቱም ወገኖች ሊስማሙበት የሚገባ ትንሹ ነገር ነው።

እንግዲህ ያዋጣል ወይስ አያዋጣም?

በጨረቃ ማማ ላይ የሚያድን፣ ሕግ የሚፈቅድለት፣ ዓይኑ ገና ወጣት የሆነ ሰው ይግዛው፤ ያዋጣዋል። ጥሩ የእጅ መነጽር ያለው፣ የመነጽሩን ማሰሪያ በአግባቡ ያጠበቀ፣ በዓመት መቶዎች ጥይት የሚተኩስና ከዚያም በኋላ ገንዘብ የተረፈው ሰውም ይግዛው፤ የሚከለክለው የለም። ለሌላው ሁሉ ቅደም ተከተሉ ሌላ ነው። መጀመሪያ ልምምድ፣ ቀጥሎ የእጅ መነጽር፣ ቀጥሎ ጠንካራ ማሰሪያ፣ ከዚያ መካከለኛ ዋጋ ያለው የሚታመን የጠመንጃ መነጽር። የሦስት ሺህ ዶላሩ መምጣት ያለበት ከነዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ብዙው ሰው እዚያ ሲደርስ እንደማያስፈልገው ራሱ ያውቀዋል።

ኢትዮጵያ በበኩሏ የእንግዳዋን መነጽር የምትመረምርበት ምክንያት የላትም። አምስት ቀዳዳ ያለበት አንድ ወረቀት ትጠይቀው፤ ኒያላውን የሚጠቅመው እሱ ነው።